ክሮች ሲጠላለፉ፦ የድረ ገጽ ቋንቋዎች ብዙ ሥራን በአንድ ጊዜ የሚያስተናግዱበት መንገድ

‹‹ድር ቢያብር አንበሳ ያስር›› የሚለው የአበው ብሂል የኅብረትን ኃይል ለመግለጽ ዘወትር ይጠቀሳል። በፈትልና በሽመና ሥራ ላይ የተሰማራ ሰው ግን ከዚህ ብሂል ጎን ለጎን ሌላ እውነት ያውቃል። ክሮች በሥርዓት ካልተያዙ ይጠላለፋሉ፤ አንዴ ከተጠላለፉም ውሉን ማግኘት አስቸጋሪ ይሆናል። በኮምፒዩተር ሳይንስም አንድ ፕሮግራም በውስጡ በርካታ ሥራዎችን ጎን ለጎን እንዲያካሂድ የሚያስችለው ስልት ‹‹ትሬድ›› ይባላል፤ የቃሉ ፍቺም ‹‹ክር›› ማለት ነው። ስያሜው ኃይሉንም ሆነ አደጋውን በሚገባ ይገልጻል።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በድረ ገጽ የሚለቀቅበትን ዕለት እናስብ። ተፈታኞች፣ ወላጆችና መምህራን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ወደ አንድ አድራሻ ይጎርፋሉ። እያንዳንዱ ሰው የሚልከው ጥያቄ በአገልጋዩ ኮምፒዩተር፣ ማለትም በሰርቨሩ ላይ፣ አንድ አነስተኛ ፕሮግራም ያስነሣል፤ ይህም ፕሮግራም የመረጃ ቋቱን ጠይቆ መልሱን በገጽ መልክ አዘጋጅቶ ይልካል። አንድ ሰው ብቻ ቢጠይቅ ሥራው ቀላል ነበር። አሥር ሺህ ሰው በአንድ ቅጽበት ሲጠይቅ ግን ‹‹ሥራው በምን ዓይነት አደረጃጀት ይከፋፈል?›› የሚለው ጥያቄ ዋነኛ ይሆናል።

ፒ.ኤች.ፒ.፣ ፓይተን፣ ሩቢና ፐርል የተባሉት የፕሮግራም ቋንቋዎች ለዚህ ዓይነቱ ሥራ በሰፊው የተለመዱ ናቸው። ከክር ጋር በተያያዘ የወሰዱት አቋም ግን ለተመልካች እንግዳ ይመስላል፤ ክርን ለፕሮግራም ጸሐፊው ወይ ጨርሶ አልሰጡም፣ ወይም ሰጥተው እጁን አስረውበታል። በዚህ ጽሑፍ ይህ አቋም ለምን እንደተወሰደ፣ ምን ዋጋ እንዳስከፈለና ከሁሉም በላይ በእርግጥ ከአደጋ ይጠብቀን እንደሆነ ለመመርመር እንሞክራለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ ለአንባብያን እናስታውሳለን።

ፕሮሰስና ክር ምንና ምን ናቸው?

አንድ ፕሮግራም ሥራ ሲጀምር ሥርዓተ ክወናው ለብቻው የታጠረ የማኅደረ ትውስታ ክልል ይሰጠዋል። በዚህ መልኩ በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም ‹‹ፕሮሰስ›› ይባላል። በተለመደው አሠራር አንዱ ፕሮሰስ የሌላውን ክልል ሊያይም ሆነ ሊነካ አይችልም። ክር ደግሞ በአንድ ፕሮሰስ አጥር ውስጥ የሚካሄድ የሥራ ሂደት ነው። በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ አሥር ክሮች ቢኖሩ አሥሩም አንዱን ማኅደረ ትውስታ በጋራ ይጠቀማሉ።

ልዩነቱን ለመረዳት የአንድን መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል እንደ ምሳሌ እንውሰድ። አሥር ሠራተኞችን በአሥር የተለያዩ ክፍሎች አስቀምጠን ለእያንዳንዳቸው የደንቡን ቅጂ፣ የራሳቸውን ወንበርና የራሳቸውን ማስታወሻ ደብተር መስጠት እንችላለን። ይህ የፕሮሰስ አደረጃጀት ነው። ወጪው ከፍ ያለ ቢሆንም አንዱ ሠራተኛ ቢታመም ወይም ቀለም ቢደፋ ጉዳቱ ከክፍሉ አይወጣም። ‹‹ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል›› እንደሚባለው ነው። በሌላ በኩል አሥሩንም በአንድ አዳራሽ ሰብስበን አንድ ደንብና አንድ መዝገብ በጋራ እንዲጠቀሙ ማድረግ ይቻላል። ይህ የክር አደረጃጀት ነው። ቦታና ወረቀት ይቆጥባል፤ መረጃ ለመለዋወጥም በር ማንኳኳት አያስፈልግም። ነገር ግን ሁለት ሠራተኞች በአንድ ቅጽበት በአንድ መስመር ላይ ሊጽፉ ይችላሉ።

የእሽቅድምድም ስሕተት

ችግሩ የሚፈጠረው በዚህ የጋራ መስመር ላይ ነው። በአንድ ሒሳብ ውስጥ 1,000 ብር አለ እንበል። አንድ ክር 500 ብር ገቢ እንዲያደርግ፣ ሌላው ደግሞ 300 ብር ወጪ እንዲያደርግ ታዘዋል። ትክክለኛው ውጤት 1,200 ብር ነው። ለኮምፒዩተሩ ግን ‹‹500 ጨምር›› የሚለው ትእዛዝ አንድ ሥራ ሳይሆን ሦስት ነው፦ ቀሪውን ማንበብ፣ መደመርና ውጤቱን መልሶ መጻፍ። ሁለቱም ክሮች 1,000 የሚለውን ቁጥር ካነበቡ በኋላ የመጀመሪያው 1,500 ብሎ ቢጽፍ፣ ሁለተኛው ደግሞ ወዲያውኑ በላዩ ላይ 700 ብሎ ቢጽፍ ገቢ የተደረገው 500 ብር ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይጠፋል። ባለሙያዎች ይህን ዓይነቱን ችግር የእሽቅድምድም ስሕተት ይሉታል፤ ውጤቱ የሚወሰነው በሒሳቡ ትክክለኛነት ሳይሆን ማን ቀድሞ በመድረሱ ነውና።

መፍትሔውም ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ኔዘርላንዳዊው የኮምፒዩተር ሊቅ ኤድስኸር ዳይክስትራ በ1965 ዓ.ም. ባሳተመው አጭር ጽሑፍ፣ በርካታ ሂደቶች አንድን የጋራ ክፍል በየተራ ብቻ እንዲጠቀሙ የሚያደርግ ዘዴ አቅርቧል። ዛሬ በተግባር የምንጠቀምበት ‹‹ቁልፍ›› የዚህ አስተሳሰብ ልጅ ነው። መዝገቡን የሚነካ ሁሉ አስቀድሞ ቁልፉን ይይዛል፤ ሲጨርስም ይለቃል። ይሁን እንጂ ቁልፍ የራሱ መዘዝ አለው። መቆለፍ የተረሳ እንደሆነ ስሕተቱ ተመልሶ ይመጣል። ሁለት ክሮች አንዱ የሌላውን ቁልፍ እየጠበቁ ከቆሙ ደግሞ ሁለቱም ለዘለዓለም ሲጠባበቁ ይኖራሉ።

ከሁሉም የከፋው ስሕተቱ በሙከራ ጊዜ የማይታይ መሆኑ ነው። ከ1985 እስከ 1987 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ቴራክ 25 የተባለ የጨረር ሕክምና መሣሪያ በአሜሪካና በካናዳ ስድስት ሕሙማንን ከመጠን በላይ በሆነ ጨረር ጎድቷል፤ ከእነርሱም ሕይወታቸው ያለፈ ነበሩ። ከአደጋዎቹ መንስኤዎች አንዱ በሶፍትዌሩ ውስጥ የነበረ የእሽቅድምድም ስሕተት ሲሆን፣ ስሕተቱ የሚከሠተው ኦፕሬተሩ ያስገባውን መረጃ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ፈጥኖ ባረመ ጊዜ ብቻ ነበር። በነሐሴ 2003 ዓ.ም. በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካና በካናዳ 50 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በጨለማ ውስጥ በወደቀበት ጊዜም የመቆጣጠሪያ ማዕከሉ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ሥራ ያቆመው በተመሳሳይ ስሕተት ነበር። አምራቹ ኩባንያ እንደገለጸው ያ ሶፍትዌር በልዩ ልዩ ቦታዎች በድምሩ ከ3 ሚሊዮን ሰዓታት በላይ ሲሠራ ስሕተቱ አንድም ጊዜ አልታየም ነበር።

እንግዲህ የድረ ገጽ ቋንቋዎች ፈጣሪዎች ክርን በጥርጣሬ ዓይን ማየታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ፒ.ኤች.ፒ.፦ ምንም ነገር አለመጋራት

በ1993 ዓ.ም. ‹‹ሲ.ጂ.አይ.›› የተባለው የአሠራር ስምምነት ሲወጣ ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ ፕሮሰስ ያስነሣ ነበር፤ መልሱ ከተላከ በኋላም ፕሮሰሱ ይሞታል። ዘዴው አስተማማኝ ቢሆንም ዘገምተኛ ነበር፤ ለአንድ ደብዳቤ ሲባል አንድ መሥሪያ ቤት ከፍቶ መዝጋት እንደማለት ነው። ራስመስ ለርዶርፍ በ1995 ዓ.ም. ለሕዝብ ያቀረበው ፒ.ኤች.ፒ. ከጊዜ በኋላ በሰርቨሩ ፕሮግራም ውስጥ እየገባ መሥራት ሲጀምር ይህ ወጪ ቀነሰ፤ ዋናው ጠባይ ግን አልተለወጠም። አንድ ጥያቄ ሲመጣ ተለዋዋጮቹ ሁሉ ከባዶ ይጀምራሉ፤ መልሱ ሲጠናቀቅም ሁሉም ይጠረጋሉ። አንዱ ጥያቄ ከሌላው ጋር ምንም ነገር አይጋራም። ፕሮግራም ጸሐፊው ማኅደረ ትውስታ ማጽዳት ቢረሳ እንኳ ጥያቄው ሲያበቃ ቋንቋው ያጸዳለታል። ጀማሪዎች እንኳ ቋንቋውን ያለ ብዙ ጭንቀት ሊጠቀሙበት የቻሉበት አንዱ ምሥጢር ይኸው ነው።

ይህ ማለት ግን የቋንቋው ሠሪዎች ስለ ክር አላሰቡም ማለት አይደለም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው 4ኛው እትም በክር በሚሠሩ ሰርቨሮች ውስጥ ያለ ግጭት እንዲሠራ የሚያስችል ውስጣዊ ዝግጅት ነበረው። አፓቺ የተባለው ዝነኛ የሰርቨር ፕሮግራምም በ2002 ዓ.ም. በወጣው 2.0 እትሙ ክሮችን የሚጠቀም አሠራር አቀረበ። ነገር ግን የፒ.ኤች.ፒ. ባለሙያዎች ተጠቃሚዎች በቀድሞው ባለ ብዙ ፕሮሰስ አሠራር እንዲቀጥሉ መከሩ። ምክንያቱም ግልጽ ነበር፤ ፒ.ኤች.ፒ. በሌሎች ሰዎች የተጻፉ በርካታ የሲ ቋንቋ ቤተ መጻሕፍትን አስተሳስሮ የሚሠራ በመሆኑ፣ ከእነዚህ መካከል አንዱ ብቻ እንኳ ለክር ያልተዘጋጀ ቢሆን ሰርቨሩ በሙሉ ሊወድቅ ይችላል። ሰንሰለት የሚበጠሰው በደካማው ቀለበት ነው።

በ2010 ዓ.ም. የወጣው 5.3.3 እትም የፕሮሰሶችን ስብስብ የሚያስተዳድር ኤፍ.ፒ.ኤም. የተባለ ክፍል አካቶ ሲመጣ ይህ የአለመጋራት መንገድ ይበልጥ ተጠናከረ። በ2012 ዓ.ም. ክርን ለፕሮግራም ጸሐፊው የሚሰጥ ተጨማሪ ክፍል ብቅ ብሎ ነበር፤ ውስብስብነቱ ግን ከድረ ገጽ ሰርቨር ውጭ ብቻ እንዲሠራ እስከ መገደብ አደረሰው፤ በመጨረሻም ‹‹ፓራለል›› ለተባለ፣ መልእክት በመላላክ ላይ ለተመሠረተ ሌላ ክፍል ቦታውን ለቀቀ። በ2023 ዓ.ም. 1.0 እትሙ የወጣው ‹‹ፍራንከን ፒ.ኤች.ፒ.›› የተባለው ሰርቨር በውስጡ ክሮችን ይጠቀማል፤ ነገር ግን እዚያም ቢሆን እያንዳንዱ ክር የየራሱ የተለየ ክልል አለው። አዳራሹ አንድ ቢሆንም በሠራተኞቹ መካከል መጋረጃ ተጋርዷል።

ፓይተን፦ ቃል በየተራ

ፓይተን የተባለው ቋንቋ የተለየ መንገድ መርጧል። ክሮችን ለፕሮግራም ጸሐፊው የሰጠው ገና በ1992 ዓ.ም. ነበር። ነገር ግን በዚያው ጊዜ ‹‹ዓለም አቀፉ የተርጓሚ ቁልፍ›› ብለን ልንተረጉመው የምንችል፣ በአጭሩ ‹‹ጊል›› ተብሎ የሚታወቅ አንድ ትልቅ ቁልፍ ጨመረ። በዚህ ቁልፍ መሠረት በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ መቶ ክሮች ቢኖሩም የፓይተንን ትእዛዝ በአንድ ቅጽበት ሊፈጽም የሚችለው አንዱ ብቻ ነው። በሽማግሌዎች ሸንጎ ፊት ተሰብሳቢው ቢበዛም ቃል የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ ማለት ነው።

ለዚህ ቁልፍ መኖር ምክንያቱ የቋንቋው የማኅደረ ትውስታ አስተዳደር ነው። በፓይተን ውስጥ እያንዳንዱ ነገር ‹‹ስንት ቦታ እየተጠቀሙብኝ ነው?›› የሚል ቆጣሪ አብሮት አለ። ቆጣሪው ዜሮ ሲደርስ ነገሩ ይወገዳል። ሁለት ክሮች ይህን ቆጣሪ ያለ ቁልፍ በአንድ ጊዜ ቢለውጡት፣ ከላይ በባንክ ሒሳቡ ምሳሌ እንዳየነው ቁጥሩ ይሳሳታል። ያን ጊዜ ወይ በአገልግሎት ላይ ያለ ነገር ተወግዶ ፕሮግራሙ ይወድቃል፤ ወይም የማይፈለግ ነገር ሳይወገድ ይቀራል። ለእያንዳንዱ ነገር አንድ አንድ ቁልፍ ማበጀት ደግሞ ሥራውን እጅግ ያዘገያል። ስለዚህ አንድ ትልቅ ቁልፍ ቀላሉና ፈጣኑ መፍትሔ ሆኖ ተገኘ። ሩቢ የተባለው ቋንቋም ከ1.9 እትሙ ጀምሮ የሥርዓተ ክወናውን ክሮች ሲጠቀም ተመሳሳይ ቁልፍ ይዞ ነው። ፐርል በበኩሉ በ2002 ዓ.ም. በ5.8 እትሙ ሌላ ስልት ሞከረ፤ አዲስ ክር ሲፈጠር በግልጽ የጋራ ካልተባለ በስተቀር መረጃው ሁሉ ይቀዳለታል። በዚህም ምክንያት የፐርል ክር ከስሙ በስተቀር ከባድና ብዙ ማኅደረ ትውስታ የሚበላ ሆኖ ቀረ።

እንዲህ ዓይነቱ ገደብ ለድረ ገጽ ሥራ ብዙም ያልጎዳው ለምንድን ነው? አንድ የድረ ገጽ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው በማስላት ሳይሆን በመጠበቅ ነው፤ የመረጃ ቋቱን መልስ፣ ፋይልን፣ የሩቅ ሰርቨርን ይጠብቃል። የፓይተን ክር እንዲህ በሚጠብቅበት ጊዜ ቁልፉን ለሌላው ይለቃል። በመሆኑም አንዱ ሲጠብቅ ሌላው ይሠራል።

እዚህ ላይ ግን ብዙዎችን የሚያሳስት አንድ ነጥብ አለ። ትልቁ ቁልፍ የሚጠብቀው የተርጓሚውን ውስጣዊ ቆጣሪዎች እንጂ የፕሮግራም ጸሐፊውን ሒሳብ አይደለም። ከ3.2 እትም ወዲህ ሌላ ክር ተራ እየጠበቀ ከሆነ ቁልፉን የያዘው ክር ከ5 ሚሊ ሰከንድ በኋላ እንዲለቅ ይጠየቃል። ይህ ልውውጥ ቀሪ ሒሳብን በማንበብና መልሶ በመጻፍ መካከል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በፓይተንም ቢሆን 500 ብራችን ሊጠፋ ይችላል።

ጥያቄው ለምን ተመልሶ መጣ?

እስከ 2004 ዓ.ም. አካባቢ ድረስ የዘገየ ፕሮግራም መድኃኒቱ አዲስ ኮምፒዩተር መግዛት ነበር፤ የአንጎለ ኮምፒዩተሩ ፍጥነት በየጊዜው ይጨምር ነበርና። በዚያ ዓመት ግን ኢንቴል ኩባንያ ሊያወጣው የነበረውን ባለ 4 ጊጋ ኸርዝ ፔንቲየም 4 ሰረዘ። ፍጥነትን መጨመር ከፍተኛ ሙቀትና የኃይል ብክነት ያስከትል ጀመረ። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንቴልና ኤ.ኤም.ዲ. በአንድ ቺፕ ላይ ሁለት ኮር፣ በኋላም አራት፣ ስምንትና ከዚያ በላይ ኮር ያላቸውን አንጎለ ኮምፒዩተሮች ለግል ኮምፒዩተር ገበያ ማቅረብ ቀጠሉ። አንድ ክር ብቻ የሚያሠራ ፕሮሰስ ግን ከስምንቱ ኮሮች ሰባቱን አያንቀሳቅስም።

የድረ ገጽ ባለሙያዎች መልስ ቀላል ነበር፤ ስምንት ኮር ካለ ስምንት ወይም ከዚያ የሚበልጡ ፕሮሰሶችን ማስነሣት። ይህ በሚገባ ይሠራል፤ ዋጋው የሚከፈለው ግን በማኅደረ ትውስታ ነው። አንድ ፕሮሰስ 40 ሜጋ ባይት ይይዛል ብንልና 200 ፕሮሰሶች ብናስነሣ በአጠቃላይ 8,000 ሜጋ ባይት፣ ማለትም 8 ጊጋ ባይት ገደማ ያስፈልገናል። ሥርዓተ ክወናው ያልተለወጡ ገጾችን በጋራ በማስቀመጥ ይህን ወጪ በከፊል ይቀንሳል፤ ጨርሶ ግን አያስቀረውም።

ክር ብናበዛስ ፍጥነቱ እንደ ኮሩ ብዛት ይጨምራል? ጂን አምዳል በ1967 ዓ.ም. ያቀረበው ሕግ አይጨምርም ይላል። ከሥራው 90 በመቶው የሚከፋፈል፣ 10 በመቶው ደግሞ የግድ በየተራ የሚሠራ ቢሆን፣ በስምንት ኮር የምናገኘው ፍጥነት 8 እጥፍ ሳይሆን 4.7 እጥፍ ብቻ ነው። ኮሩን ያለ ገደብ ብናበዛ እንኳ ከ10 እጥፍ አናልፍም። በየቁልፉ ፊት የሚደረገው ሰልፍ ሁሉ በዚያ 10 በመቶ ውስጥ ይቆጠራል።

የፓይተንን ትልቅ ቁልፍ ለማንሣት ገና በ1996 ዓ.ም. ግሬግ ስታይን ሞክሮ ነበር፤ ቁልፉ ሲነሣ ግን ባለ አንድ ክር ፕሮግራሞች በጣም ዘገዩ። የቋንቋው ፈጣሪ ኽዊዶ ቫን ሮሰም በ2007 ዓ.ም. ቁልፉን የሚያነሣ ሥራ ቢቀርብለት እንደሚቀበል፣ ነገር ግን ባለ አንድ ክር ፕሮግራሞችን ማዘግየት እንደሌለበት አስታወቀ። ሳም ግሮስ የተባለ ባለሙያ ባቀረበው ንድፍ መሠረት የቋንቋው መሪ ምክር ቤት በጥቅምት 2023 ዓ.ም. ሐሳቡን ተቀበለ። በጥቅምት 2024 ዓ.ም. የወጣው 3.13 እትም ቁልፍ አልባውን ፓይተን በሙከራ መልክ አቀረበ፤ በጥቅምት 2025 ዓ.ም. የወጣው 3.14 ደግሞ በይፋ የሚደገፍ፣ ሆኖም ተጠቃሚው ፈልጎ የሚመርጠው አማራጭ አደረገው። በዚህ እትም ባለ አንድ ክር ፕሮግራም የሚዘገየው ከ5 እስከ 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረ ቁልፍ ለመንቀል ከሠላሳ ዓመታት በላይ ወስዷል ማለት ነው።

ሦስተኛው መንገድ፦ አንዱ አስተናጋጅ

ከፕሮሰስና ከክር ሌላ ሦስተኛ መንገድም አለ። በአንድ ሻይ ቤት ውስጥ ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ አንድ አስተናጋጅ መመደብ አያስፈልግም። አንድ ቀልጣፋ አስተናጋጅ ከአንዱ ትእዛዝ ተቀብሎ ወደ ኩሽና ያስተላልፋል፤ ሻዩ እስኪፈላ ቆሞ ሳይጠብቅ ወደ ሌላው ጠረጴዛ ይሄዳል። በ1999 ዓ.ም. ዳን ኬግል የተባለ ባለሙያ አንድ ሰርቨር 10,000 ደንበኞችን በአንድ ጊዜ ማስተናገድ የሚችልበትን ሁኔታ የሚመረምር ታዋቂ ጽሑፍ ካወጣ በኋላ ይህ ስልት ትኩረት አገኘ። ራያን ዳል በ2009 ዓ.ም. ያቀረበው ‹‹ኖድ›› የተባለው ሥርዓት ጃቫስክሪፕትን ወደ ሰርቨር አምጥቶ ይህን አሠራር ዋና መርሑ አደረገው።

በዚህ አሠራር የፕሮግራሙ ትእዛዞች በአንድ ክር ብቻ ስለሚፈጸሙ በማኅደረ ትውስታ ላይ የሚደረገው እሽቅድምድም በእጅጉ ይቀንሳል። ድክመቱ ደግሞ አስተናጋጁ ራሱ ኩሽና ገብቶ ሽንኩርት መክተፍ የጀመረ እንደሆነ ጠረጴዛዎቹ ሁሉ መቆማቸው ነው። አንድ ከባድ ስሌት ሁሉንም ተጠቃሚ ያስጠብቃል። በዚህ የተነሣ ኖድ ራሱ በ2018 ዓ.ም. ለከባድ ስሌት የሚያገለግሉ የሠራተኛ ክሮችን ለመጨመር ተገድዷል፤ እነዚህም ቢሆኑ በአብዛኛው በመልእክት የሚገናኙ እንጂ ተራ ተለዋዋጮችን የሚጋሩ አይደሉም። ሩቢ በ2020 ዓ.ም. ማብቂያ በ3.0 እትሙ በሙከራ መልክ ያቀረበው ‹‹ራክተር››ም በዚሁ መርሕ የተገነባ ነው።

ስሕተቱ ቤት ለወጠ እንጂ አልጠፋም

እስካሁን ያየነውን ስናጠቃልለው የድረ ገጽ ቋንቋዎች ክርን ከፕሮግራም ጸሐፊው እጅ በማራቅ ወይም በመገደብ ከብዙ መከራ አድነውታል። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ ‹‹እኔ የምጽፈው በፒ.ኤች.ፒ. ነው፤ ክር የለም፤ ስለዚህ የእሽቅድምድም ስሕተት አይመለከተኝም›› ብሎ መደምደም አደገኛ ነው።

በመጋቢት 2014 ዓ.ም. በካናዳ ይገኝ የነበረው ፍሌክስኮይን የተባለ የቢትኮይን ማስቀመጫ ድርጅት 896 ቢትኮይን ተዘርፎ ተዘጋ፤ ገንዘቡ በጊዜው ዋጋ ወደ 600,000 የአሜሪካ ዶላር ይገመት ነበር። ድርጅቱ እንደገለጸው ዘራፊው ከአንዱ ሒሳብ ወደ ሌላው ገንዘብ የሚያዛውሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥያቄዎችን በአንድ ጊዜ ላከ፤ የሒሳቡ ቀሪ ከመስተካከሉ በፊትም በሒሳቡ ውስጥ ከነበረው በላይ ገንዘብ አዛወረ። ይህ ከላይ ያየነው የ1,000 ብር ታሪክ ነው፤ የተለወጠው የጋራው መዝገብ ያለበት ቦታ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ፕሮሰሶች ማኅደረ ትውስታ አይጋሩም፤ የመረጃ ቋቱን ግን ይጋራሉ። አንዱ ፕሮሰስ ‹‹ቀሪው ስንት ነው?›› ብሎ ይጠይቃል፤ 1,000 የሚል መልስ ያገኛል። ሌላውም እንዲሁ። ሁለቱም ‹‹800 ብር ለማውጣት ይበቃል›› ብለው ይፈቅዳሉ። ሠራተኞቹን በየክፍላቸው ብንለያቸውም ሁሉም የሚጽፉት በምድር ቤት ባለው አንድ መዝገብ ላይ ከሆነ ግጭቱ ወደ ምድር ቤት ወረደ እንጂ አልቀረም።

ስሕተቱን በሙከራ ጊዜ ማግኘትም ቀላል አይደለም፤ አንዳንዴ የቋንቋው ደግነት ራሱ ይሸፍነዋል። ለምሳሌ ያህል ፒ.ኤች.ፒ. በተለመደው አሠራሩ የአንድን ተጠቃሚ የቆይታ መረጃ በፋይል ሲያስቀምጥ ጥያቄው እስኪያልቅ ድረስ ያንን ፋይል ይቆልፋል። ተማሪው ፕሮግራሙን ለመፈተን በአንድ የኢንተርኔት ማሰሻ ሁለት ገጾች ከፍቶ በአንድ ጊዜ ቢልክ ሁለተኛው ጥያቄ የመጀመሪያውን ይጠብቃል፤ ሁሉም ነገር ሰላም ይመስለዋል። ሁለት የተለያዩ ተጠቃሚዎች ወይም በሁለት ማሰሻ የገባ አንድ ሰው ሲመጣ ግን ያ ቁልፍ የለም።

መፍትሔው ቁልፉን የጋራው ነገር ባለበት ቦታ ማኖር ነው። የመረጃ ቋቶች ይህን ሥራ ለረጅም ዘመን ሲሠሩ ኖረዋል። ቀሪውን አንብቦ፣ በፕሮግራሙ ውስጥ ቀንሶ መልሶ ከመጻፍ ይልቅ ‹‹ቀሪው ከ800 የማያንስ ከሆነ 800 ቀንስ›› የሚል አንድ የማይነጣጠል ትእዛዝ ለመረጃ ቋቱ መላክ ይቻላል፤ ከዚያም ስንት መስመር እንደተለወጠ መጠየቅ ነው። ምንም መስመር ካልተለወጠ ገንዘቡ አልበቃም ማለት ነው። ሥራው ከአንድ ትእዛዝ በላይ ከሆነ ደግሞ በአንድ ግብይት ውስጥ አጠቃልሎ የሚመለከተውን መስመር አስቀድሞ መቆለፍ ያስፈልጋል። አንድ ተማሪ ለአንድ ትምህርት ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ ለመከላከልም አስቀድሞ ‹‹ተመዝግቧል ወይ?›› ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ ድግግሞሽን የሚከለክል ደንብ በሠንጠረዡ ላይ መደንገግ ይገባል። አንድ ቦታ ብቻ የቀረውን የትምህርት ክፍል ሁለት ተማሪዎች በአንድ ቅጽበት ቢጠይቁ ዳኝነቱን መስጠት ያለበት መዝገቡ ራሱ ነው።

ለነገው ባለሙያ

የትልቁ ቁልፍ መነሣት ለፓይተን ተጠቃሚዎች ታላቅ የምሥራች ነው፤ በተለይም ከባድ ስሌት ለሚሠሩ። ይሁን እንጂ ለብዙ ዓመታት ‹‹ሲሠሩ›› የቆዩ ፕሮግራሞች ሁሉ ትክክል ነበሩ ማለት አይደለም፤ ጥቂቶቹ ስሕተታቸው ያልታየው ክሮቹ በአንድ ቅጽበት አብረው ስለማይሮጡ ብቻ ሊሆን ይችላል። መጋረጃው ሲነሣ የተሸፈነው ይገለጣል። የሲ ቋንቋ ቤተ መጻሕፍትም በ2002 ዓ.ም. ፒ.ኤች.ፒ.ን የገጠመው ዓይነት ፈተና ዛሬ በፓይተን በኩል ገጥሟቸዋል፤ እያንዳንዳቸው ያለ ትልቁ ቁልፍ መሥራት መቻላቸው አንድ በአንድ መረጋገጥ አለበት።

ስለዚህ በፋኩልቲያችን የመመዝገቢያ፣ የመክፈያ ወይም የመሸጫ ሥርዓት በመመረቂያ ሥራነት የሚሠሩ ተማሪዎች ቋንቋ ሲመርጡ ‹‹ክር አለው ወይስ የለውም?›› ከሚለው አስቀድመው ‹‹ሁለት ጥያቄዎች በአንድ ቅጽበት ቢመጡ ሁለቱም የሚነኩት የቱን ነው? ያንን የሚጠብቀውስ ማን ነው?›› ብለው እንዲጠይቁ እንመክራለን። መልሱን ለማግኘት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በሁለት የተለያዩ መለያዎች ገብቶ ያንኑ ጥያቄ በመቶዎች እየደጋገሙ በአንድ ጊዜ የሚልክ አጭር ፕሮግራም መጻፍና በመጨረሻ ሒሳቡን መደመር በቂ ነው። ድምሩ አንዲት ሳንቲም እንኳ ከጎደለ ወይም ከተረፈ ክሩ የተጠላለፈበትን ቦታ መፈለግ የሚገባው ያን ጊዜ፣ በቤተ ሙከራው ውስጥ ነው።